አል ኸዋሪዝሚ፦ ስማቸው በሕፃናት ደብተር የሰፈረ የባግዳድ ሊቅ

በዛሬው ጊዜ በብዙ አገሮች የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ማባዛትና ማካፈልን በቅጡ ሳያጠናቅቁ «አልጎሪዝም» ከሚለው ቃል ጋር ይተዋወቃሉ። እንግሊዝ ከ2014 እ.ኤ.አ. አንስቶ ሥራ ላይ ባዋለችው ሥርዓተ ትምህርት የአምስትና የስድስት ዓመት ሕፃናት የዚህን ቃል ትርጉም እንዲያውቁ ደንግጋለች። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በ2025 በተጀመረው የትምህርት ዘመን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 12ኛ ክፍል ባሉ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች እንዲሰጥ ወስናለች። ልጆቻቸውን ከሥራ መልስ የሚያስጠኑ፣ ወይም አገር ቤት የቀሩ ልጆቻቸውን ትምህርት በስልክ የሚከታተሉ ወላጆች ግን ይህን ቃል ሲሰሙ ነገሩ የማሽንና የባለሙያ እንጂ የእነሱ አይመስላቸውም።

ቃሉ የማሽን ስም አይደለም፤ የሰው ስም ነው። ከ1,200 ዓመት ገደማ በፊት በባግዳድ የኖሩት የሒሳብ ሊቅ የሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል ኸዋሪዝሚ ስም በላቲን ተርጓሚዎች ብዕር ተለውጦ «አልጎሪዝም» ሆኗል። ሊቁ ኮምፒውተር አላዩም፤ ዛሬ ማንኛውም ተማሪ የሚጽፋቸው የመደመርና የእኩል ይሆናል ምልክቶች እንኳ በዘመናቸው አልነበሩም። መጽሐፋቸውን ያዘጋጁትም ለነጋዴ፣ ለመሬት ለኪ፣ ቦይ ለሚያስቆፍርና ውርስ ለሚካፈል ሰው ነበር። የሥራቸው ታሪክ ዛሬ በትምህርት ቤቶች «ስሌታዊ አስተሳሰብ» የሚባለው ነገር ከየት እንደመጣና ለማን እንደታሰበ ያስረዳል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሌላ ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከኸዋሪዝም ምድር

አል ኸዋሪዝሚ የተወለዱት በ780 አካባቢ ነው። የስማቸው መጨረሻ ሥረ መሠረታቸውን ያመለክታል፤ «አል ኸዋሪዝሚ» ማለት «የኸዋሪዝም ሰው» ማለት ነውና። ኸዋሪዝም ከአራል ባሕር በስተደቡብ፣ የአሙ ዳርያ ወንዝ ወደ ባሕሩ ከመግባቱ በፊት በሚያጠጣው ለም ምድር ላይ የነበረ ጥንታዊ አገር ነው። ዛሬ ግዛቱ በኡዝቤኪስታንና በቱርክሜኒስታን መካከል ተከፍሏል። በበረሃ የተከበበው የዚያ አገር ኑሮ በመስኖ ላይ የተመሠረተ ነበር፤ ቦይ መቅደድ፣ ውኃ ማከፋፈልና ማሳ መለካት ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ የሚያውቃቸው ሥራዎች ነበሩ።

የታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ሊቁ ቤተሰብና የልጅነት ዘመን የተዉልን ነገር የለም ለማለት ይቻላል። በ987 የመጻሕፍትንና የደራስያንን ዝርዝር ያዘጋጁት የባግዳዱ ኢብን አን ነዲም የጻፉላቸው ጥቂት መሥመር ብቻ ነው። በእሱም የትውልድ አገራቸውን፣ በኸሊፋው ቤተ መጻሕፍት መሥራታቸውን፣ እንዲሁም ባዘጋጇቸው የከዋክብት ሠንጠረዦች ሰዎች ይተማመኑ እንደነበር አስፍረዋል። የሊቁ ማንነት የሚታየው ከዚህ ዝርዝር ይልቅ በጻፏቸው መጻሕፍት ውስጥ ነው።

የጥበብ ቤት

ባግዳድ በ762 በኸሊፋ አል መንሱር የተቆረቆረች ከተማ ናት። አል ኸዋሪዝሚ ለአቅመ ሥራ ሲደርሱ ከተማዋ ገና ሃምሳ ዓመት ያልሞላት ብትሆንም ከፋርስ፣ ከሕንድ፣ ከሶርያና ከግብፅ ነጋዴውም ምሁሩም የሚጎርፍባት የዓለም መናገሻ ሆና ነበር። ከ813 እስከ 833 የገዙት ኸሊፋ አል ማእሙን ለእውቀት ልዩ ፍቅር ነበራቸው። በ819 መቀመጫቸውን ከመርቭ ወደ ባግዳድ ካዛወሩ በኋላ «በይት አል ሒክማ» ወይም የጥበብ ቤት የሚባለው የመጻሕፍት ማዕከል ገናና ሆነ።

ዘመኑ የትርጉም ዘመን ነበር። ክርስቲያኑ ሐኪም ሑነይን ኢብን ኢስሓቅ የግሪክን የሕክምና መጻሕፍት ወደ ሶርያና ዓረብኛ ቋንቋ ሲመልሱ፣ ፈላስፋው አል ኪንዲ የግሪክን ፍልስፍና ለዓረብኛ አንባቢ ያቀርቡ ነበር። በ770ዎቹ ደግሞ ከሕንድ የመጣ የሥነ ፈለክ መጽሐፍ በባግዳድ ወደ ዓረብኛ ተመልሶ ነበር። አል ኸዋሪዝሚ በዚህ ቤት ያገለገሉት ከሦስት አቅጣጫ የመጣ እውቀት በአንድ ገበታ ላይ በቀረበበት ወቅት ነው። የሕንዶቹ የቁጥር አጻጻፍ፣ የግሪኮቹ ጂኦሜትሪና የመስጴጦምያ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ የሚሠሩበት የሒሳብ ዘዴ በአንድ ላይ ተገናኙ።

የእሳቸው ድርሻ እነዚህን መቀበል ብቻ አልነበረም። ሊቃውንት በቃል የሚቀባበሉትን ወይም በቅኔ መልክ ቋጥረው የሚይዙትን እውቀት፣ ማንም ጥንቁቅ አንባቢ ደረጃ በደረጃ ሊከተለው በሚችል ግልጽ ቋንቋ ጻፉት።

ዘጠኝ ምልክትና አንድ ትንሽ ክብ

የግዕዝን አኃዝ የሚያውቅ አንባቢ የሊቁን የመጀመሪያ ውለታ በቀላሉ ይረዳዋል። በግዕዝ ሃያ ሰባትን ፳፯፣ አሥራ አራትን ፲፬ ብለን እንጽፋለን። አጻጻፉ ያማረ ነው፤ ቁጥርን ለመመዝገብም ይበቃል። ነገር ግን ፳፯ን በ፲፬ እናባዛ ብንል ምልክቶቹ ራሳቸው አይረዱንም። ለአሥር፣ ለሃያና ለመቶ የተለያየ ምልክት ስላለ ስሌቱን በቃል ወይም በጠጠር ሠርቶ ውጤቱን ብቻ መጻፍ ግድ ይሆናል። የግሪክና የሮማ ቁጥሮችም ከዚህ ችግር አላመለጡም።

ሕንዶች የደረሱበት ዘዴ ሌላ ነበር። ዘጠኝ ምልክቶች ብቻ አሏቸው፤ የምልክቱ ዋጋ በተቀመጠበት ቦታ ይለዋወጣል። ባዶ ቦታ ሲኖር በትንሽ ክብ ይሞላል። ዓረቦች ይህን ባዶነት «ሲፍር» አሉት፤ «ዜሮ» የሚለው ቃልም በጣልያንኛ በኩል አልፎ የመጣው ከዚሁ ነው። አል ኸዋሪዝሚ ስለዚህ አጻጻፍ አንድ መጽሐፍ ጻፉ። በመጽሐፉም ቁጥሮቹ እንዴት እንደሚጻፉ፣ እንዴት እንደሚደመሩና እንደሚቀነሱ፣ እንደሚባዙና እንደሚካፈሉ በተራ አስረዱ። ምን ከምን በፊት እንደሚሠራ፣ ከአሥር የሚያልፈው ወዴት እንደሚሸጋገር፣ በመቀነስ ጊዜ ምንም ካልቀረ ክቡ ለምን እንደሚቀመጥ አንድ በአንድ ይነግራሉ።

ዛሬ አንድ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ሁለት ቁጥሮችን ከላይና ከታች ደርድሮ፣ ደምሮ፣ አንዱን ወደ ግራ ሲያሻግር የሚሠራው በዚያ መንገድ ነው። ሕፃኑ በሕይወቱ የሚማረው የመጀመሪያው አልጎሪዝም ይኸው ነው፤ ኮምፒውተር ከመንካቱ በፊት በደብተሩ ላይ ጽፎታል።

እንደ ወጌሻ የሚጠግን ሒሳብ

ሊቁን ከሁሉ በላይ ያስጠራቸው ሥራ በ820 አካባቢ የጻፉት፣ ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «በጀብርና በሙቃበላ የሚሠራ ሒሳብ አጭር መጽሐፍ» የሚባለው ነው። «ሒሳብ» የሚለው ቃል ለዓረብኛውም ለአማርኛውም አንድ በመሆኑ ትርጉም አያሻውም። «አልጀብር» ግን ማብራሪያ ይፈልጋል። በዓረብኛ ጀብር ማለት የተሰበረን መጠገን ነው፤ የተሰበረ አጥንት የሚጠግን ወጌሻ የሚጠራውም ከዚሁ ቃል በወጣ ስም ነው። በሒሳብ ደግሞ የጎደለውን ጎን መሙላት ማለት ሆነ። «ሙቃበላ» ሁለት ነገሮችን ፊት ለፊት አቁሞ ማነጻጸር ነው።

አሠራሩን በቀላል ምሳሌ እንይ። አሥር፣ አንድ ያልታወቀ ነገር ሲቀነስለት፣ ከዚያው ነገር አራት እጥፍ ጋር እኩል ቢሆን ነገሩ ስንት ነው? አሥሩ ጎድሎበታልና እንጠግነው። የጎደለውን ነገር ለአሥሩ ስንመልስለት ለሌላውም ጎን ያንኑ እንጨምራለን። አሥር ሙሉ ሆነ፤ በሌላው በኩል አምስት ነገር ቆመ። ስለዚህ ነገሩ ሁለት ነው። ይህ ጀብር ነው። ሰባት ነገርና ሦስት፣ ከሁለት ነገርና ከአሥራ ስምንት ጋር እኩል ቢሆን ደግሞ ከሁለቱም ጎን ተመሳሳዩን እናነሳለን። አምስት ነገር ከአሥራ አምስት ጋር ይቀራል፤ ነገሩም ሦስት ነው። ይህ ሙቃበላ ነው። ያልታወቀውን ቁጥር አል ኸዋሪዝሚ ራሳቸው «ሸይእ»፣ ማለትም «ነገር» ይሉት ነበር።

በዚህ መሣሪያ ሊቁ በዘመናቸው የሚገጥሙትን ጥያቄዎች ሁሉ አጣርተው ወደ ስድስት ዓይነት ብቻ አወረዷቸው። ጥያቄው ስለ ገበያ ይሁን ስለ መሬት፣ ከጠገነና ካነጻጸረ በኋላ ከስድስቱ አንዱን ይመስላል። ለእያንዳንዱ ዓይነት ደግሞ የራሱ መፍቻ አለው። ከእነዚህ አንዱ በሒሳብ ታሪክ ውስጥ ታዋቂ ሆኗል፦ አንድ ካሬና የሥሩ አሥር እጥፍ ተደምረው 39 ቢሆኑ ሥሩ ስንት ነው? «ሥር» የሚሉት የካሬውን አንድ ጎን ነው። መፍቻቸው እንዲህ ይሄዳል። የሥሮቹን ብዛት አሥርን ለሁለት ክፈል፤ አምስት ይሆናል። አምስትን በራሱ አባዛ፤ 25 ይሆናል። 25ን በ39 ላይ ጨምር፤ 64 ይሆናል። የ64ን ሥር ውሰድ፤ ስምንት ነው። ከስምንት ላይ የሥሮቹን ግማሽ አምስትን ቀንስ፤ ሦስት ይቀራል። ሥሩ ሦስት፣ ካሬውም ዘጠኝ ነው።

ትእዛዙን ሰጥተው ዝም አላሉም። ለምን ትክክል እንደሆነ በሥዕል አሳይተዋል። ካሬውን ሳሉ፤ አሥሩን ሥር ለሁለት ከፍለው፣ ወርዳቸው አምስት የሆነ ሁለት አራት ማዕዘኖች በካሬው ሁለት ጎኖች ላይ ለጠፉ። የሦስቱ ስፋት 39 ነው። ትልቁ ካሬ እንዳይሞላ አንድ ጥግ ብቻ ጎድሎታል፤ የጥጉም ስፋት አምስት በአምስት፣ 25 ነው። ጥጉ ሲሞላ 64 ይሆናል። ወረቀትና መቀስ ያለው የአሥር ዓመት ልጅ ይህን ቆርጦ ሊገጣጥመው ይችላል።

ሌላም ጥንቃቄ ነበራቸው። አንድ ካሬና 21 ተደምረው ከአሥር ሥር ጋር እኩል ሲሆኑ መልሱ ሦስትም ሰባትም ሊሆን እንደሚችል አሳይተዋል። የሥሮቹ ግማሽ በራሱ ተባዝቶ ከተሰጠው ቁጥር ካነሰ ደግሞ ጥያቄው መልስ እንደሌለው አስቀድመው ይናገራሉ። መንገዱ የት ድረስ እንደሚያደርስና የት እንደሚቆም አብሮ መንገር የጥሩ አልጎሪዝም አንዱ ምልክት ነው።

የሟች ኑዛዜና የወራሾች ድርሻ

የመጽሐፉ ሰፊ ክፍል ስለ ውርስና ኑዛዜ ነው። በእስልምና ሕግ የወራሾች ድርሻ በክፍልፋይ የተወሰነ ነው፤ ሟች ወራሽ ላልሆነ ሰው የተናዘዘው ሲጨመርበት ግን ስሌቱ ይወሳሰባል። ስሌቱን የማያውቅ ወራሽ በሚያውቅ ሰው ቃል ከማመን በቀር ምርጫ የለውም። የሚካፈለው ደግሞ የአባት ቤት፣ የእናት ጌጥ፣ የወላጅ አልባ ልጅ መተዳደሪያ ነው።

አል ኸዋሪዝሚ ከሚያቀርቧቸው ምሳሌዎች በአንዱ አንዲት ሴት ባሏን፣ አንድ ወንድ ልጅና ሦስት ሴቶች ልጆች ትታ ትሞታለች። ወራሽ ላልሆነ ሰውም ከሀብቷ አንድ ስምንተኛና አንድ ሰባተኛ ተናዝዛለች። በሕጉ ባል ሩብ ይወስዳል፤ ወንድ ልጅ የሴት ልጅን እጥፍ ያገኛል። ስለዚህ የወራሾቹ ድርሻ ከሃያ ይታሰባል፦ ባል አምስት፣ ወንድ ልጅ ስድስት፣ እያንዳንዷ ሴት ልጅ ሦስት። የኑዛዜው ድርሻ ደግሞ ከ56 ይታሰባል፤ አንድ ስምንተኛው ሰባት፣ አንድ ሰባተኛው ስምንት፣ ድምሩ 15 ነው። ለወራሾች 41 ይቀራል። ሁለቱን ለማስማማት ሀብቱን በሃያ ጊዜ 56፣ ማለትም በ1,120 ክፍል እንከፍለዋለን። ተናዛዧ የጠቀሰችው ሰው 300፣ ባል 205፣ ወንድ ልጅ 246፣ እያንዳንዷ ሴት ልጅ 123 ይደርሳቸዋል። ሁሉም ሲደመር 1,120 ይሆናል፤ የጎደለ የለም፣ የተረፈም የለም።

እዚህ ላይ የሊቁ ሥራ ክብደት ይታያል። ስሌቱ በግልጽ ተጽፎ በተራ ከተቀመጠ፣ ታናሿ ልጅ እንኳ 123 ለምን እንደደረሳት ተከትላ ልታረጋግጥ ትችላለች። የሚካፈለውን ሰው ቃል ማመን ብቻ አይደለም ያላት፤ መንገዱን መመርመር ትችላለች።

ሰማይ፣ ምድርና ዘመን

አል ኸዋሪዝሚ ከሒሳብ ውጭም ብዙ ደክመዋል። በሕንዶች ዘዴ ላይ ተመሥርተው የፀሐይን፣ የጨረቃንና የፕላኔቶችን አካሄድ ለማስላት የሚያገለግል ሠንጠረዥ አዘጋጅተዋል። በ833 ያጠናቀቁት «የምድር መልክ» የሚባለው መጽሐፋቸው ከ2,400 በላይ የሆኑ የከተሞች፣ የተራሮች፣ የባሕሮችና የወንዞች ሥፍራዎችን ይዘረዝራል። የግሪኩ በጥሊሞስ ከልክ በላይ ያስረዘሙትን የሜዲትራንያን ባሕር ርዝመትም አርመዋል። በ1037 የተገለበጠውና በፈረንሳይ ስትራስቡርግ የሚገኘው የዚህ መጽሐፍ ቅጂ የዓባይን ወንዝ ካርታ ይዟል። ካርታው ወንዙ «የጨረቃ ተራሮች» ከሚባሉት ይነሣል የሚለውን የበጥሊሞስ አስተሳሰብ ይከተላል።

ስለ አይሁድ የዘመን አቆጣጠር የጻፉት ትንሽ መጽሐፍ ደግሞ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ቅርብ ነው። አቆጣጠሩ የሚመላለሰው በ19 ዓመት ዑደት ነው፤ የእኛም ባሕረ ሐሳብ በዚሁ ዑደት ላይ የቆመ ነው። 2018 ዓ.ም.ን እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር እንውሰድ። 5,500 ሲጨመርበት 7,518 ይሆናል። በ19 ሲካፈል 13 ይቀራል፤ አንድ ሲታተት 12 ወንበር ይሆናል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ የሚቀረው 12 አበቅቴ ነው። በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ የሚቀረው 18 መጥቅዕ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ካልሞሉ የሒሳቡ ባለቤት እንደተሳሳተ ወዲያው ያውቃል። በአብነት ትምህርት ቤት ይህን የተማረ ሰው ስሙን ባይሰማውም አልጎሪዝም ተምሯል፤ ስህተትን የሚያጋልጥ ማረጋገጫም አብሮ ተምሯል።

በተርጓሚዎች እጅ

አል ኸዋሪዝሚ በ850 አካባቢ አረፉ። ሥራቸው ከሞታቸው በኋላ የተጓዘው በተርጓሚዎች ጫንቃ ነው። በ12ኛው መቶ ዘመን እንግሊዛዊው አደላርድ ዘባዝ የሥነ ፈለክ ሠንጠረዣቸውን፣ በአንዳሉስ የሒሳብ ሊቃውንት ከታረመ ቅጂ ወደ ላቲን መለሱት። በ1145 በስፔኗ ሴጎቪያ የቼስተሩ ሮበርት የአልጀብራውን መጽሐፍ ተረጎሙ፤ በቶሌዶም የክሬሞናው ጄራርድ ያንኑ መጽሐፍ ደግመው ተረጎሙት። የመጽሐፉ ርዕስ ውስጥ የነበረው «አልጀብር» ሳይተረጎም በመቅረቱ የትምህርቱ ስም ሆነ።

የሕንዶቹን ቁጥር ያስተማሩበት መጽሐፍ የዓረብኛው ቅጂ ጠፍቷል፤ የተረፈው በላቲን ነው። የላቲኑ ጽሑፍ ገና በመነሻው የደራሲውን ስም «አልጎሪዝሚ» ብሎ ስለሚጠራ፣ አውሮፓውያን ከጊዜ በኋላ ሰውየውን ረስተው በአዲሶቹ ቁጥሮች የሚሠራውን ስሌት በዚያ ስም ይጠሩት ጀመር። በስፓኝኛ ቁጥርን የሚያመለክተው «ጓሪስሞ» የሚለው ቃልም ከዚሁ ስም የመጣ ነው። የአልጀብራው መጽሐፍ የዓረብኛ ቅጂ ግን በኦክስፎርድ ተጠብቆ በ1831 ከእንግሊዝኛ ትርጉም ጋር ለንደን ላይ ታተመ። በ1930ዎቹ ማብቂያም ሁለት የግብፅ ምሁራን በካይሮ አሳተሙት።

በ1979 ከብዙ አገሮች የተውጣጡ የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቃውንት ለስብሰባ የመረጡት ቦታ የሊቁን ጥንታዊ ምድር፣ በኡዝቤኪስታን ኸዋሪዝም የምትገኘውን ኡርጌንች ከተማን ነበር።

ከባግዳድ እስከ መማሪያ ክፍል

አልጎሪዝም ወደ ሕፃናት ክፍል የገባው በኋለኛው ዘመን ነው። በደቡብ አፍሪካ የተወለዱት ሲይሞር ፓፐርት ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1967 በአሜሪካ «ሎጎ» የተባለ ለልጆች የሚሆን የኮምፒውተር ቋንቋ አዘጋጁ። ሕፃኑ «ኤሊ» የምትባለውን ጠቋሚ ወደፊት ሂጂ፣ ወደ ቀኝ ዙሪ እያለ ያዛታል። ይህን አራት ጊዜ ሲደግም ካሬ ይሣላል። ኤሊዋ ሌላ ነገር ከሣለች ልጁ ከትእዛዙ የትኛው እንደተሳሳተ ፈልጎ ያርማል። ፓፐርት የፈለጉት ማሽኑ ልጁን እንዲያዝ ሳይሆን ልጁ ማሽኑን እንዲያስተምር ነበር። በ1990ዎቹ ደግሞ በኒውዚላንድ የተነሡ መምህራን ይህን ትምህርት ያለ ኮምፒውተር፣ በካርድ፣ በገመድና በጨዋታ የሚያስተምሩበትን ዘዴ አስፋፉ።

ዛሬ መምህራን ስሌታዊ አስተሳሰብን ሲያስረዱ አራት ነገሮችን ይጠቅሳሉ። ትልቁን ችግር ወደ ትንንሽ መከፋፈል፣ ተመሳሳዩን ለይቶ በየዓይነቱ መመደብ፣ የማያስፈልገውን ትቶ ዋናውን መያዝ፣ መፍትሔውን በተራ በተቀመጠ ትእዛዝ መጻፍ። አራቱም በባግዳዱ መጽሐፍ ውስጥ አሉ። ውርሱ በክፍል በክፍል ታየ፤ ጥያቄዎቹ በስድስት ዓይነት ተመደቡ፤ ቤቱም ከብቱም «ነገር» ተባለ፤ መፍቻው በተራ ተጻፈ። ሊቁ ከዚህ ላይ አምስተኛውን፣ ማለትም ለምን እንደሚሠራ ማሳየትን ጨምረውበታል። አንድ ልጅ የሚነካውን ቁልፍ ብቻ ከተማረ ማሽኑ ሲለወጥ እውቀቱ ይጠፋል፤ መንገዱንና ምክንያቱን ከተማረ ግን አብሮት ይኖራል።

ስለዚህ ወላጅ ኮምፒውተር ስለማያውቅ ብቻ ከዚህ ትምህርት ውጭ አይደለም። ቡና ማፍላትን ለልጅ በትእዛዝ አስጽፉት። ታጠበ፣ ተቆላ፣ ተወቀጠ፣ ጀበናው ተጣደ። ከመቆላቱ በፊት ከተወቀጠ ቅደም ተከተሉ ተበላሽቷል። ጀበናው ካልፈላ ይጠበቃል፤ ሲገነፍል ይወርዳል፤ ይህ ቅድመ ሁኔታ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ውኃ እየተጨመረ ሦስት ጊዜ መፍላቱ ደግሞ ድግግሞሽ ነው። ልጁ የጻፈውን ሌላ ሰው ቃል በቃል ተከትሎ ይሥራው፤ የተዘለለ ትእዛዝ ካለ ወዲያው ይገለጣል። የቤት ሥራውን ይዞ ሲመጣም መልሱ ትክክል መሆኑን ከመጠየቅ በፊት በምን መንገድ እንደደረሰበት በተራ እንዲያስረዳ ይጠየቅ።

በኡዝቤኪስታን ኺቫ ከተማ የአል ኸዋሪዝሚ ሐውልት ቆሟል፤ በጨረቃ ላይም በስማቸው የተሰየመ ጎድጓዳ ሥፍራ አለ። ስማቸውን በየቀኑ የሚጽፉት ግን ሕፃናት ናቸው። «አልጎሪዝም» ብሎ በደብተሩ ላይ የሚጽፍ ልጅ፣ የጻፈው የአንድ ሰው ስም መሆኑን፣ ያ ሰውም ውርስ የሚካፈሉ ወንድሞችና እህቶች እንዳይበዳደሉ ስሌቱን ለሁሉም ግልጽ አድርጎ የጻፈ ሊቅ መሆኑን ቢነገረው ቃሉ ከእንግዲህ ባዕድ አይሆንበትም።